ሐምራዊው ወይስ ነጩ? ለቤት ውስጥ ተክል የሚሆን የኤልኢዲ መብራት

ሐዋሳ ፀሐይ ቸግሯት አያውቅም፤ ምድር ቤት ያለው ሳሎኔ ግን በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ አያገኝም። በመስኮቱ ሥር ያሉት በሶብላና ጤና አዳም ቀጫጭን ሆነው ወደ ብርሃን ሲንጠራሩ አንጀቴን ስለበሉት፣ ሁለት ባለ 30 ዋት መብራቶች ገዝቼ ጎን ለጎን ሞከርኩ።

ሐምራዊው የሚሰጠው ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። ክሎሮፊል (ብርሃን የሚስበው የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) አብልጦ የሚስበው እነዚህኑ ስለሆነ በወረቀት ላይ ቆጣቢው እርሱ ይመስላል። ነጩ አረንጓዴውንም ይጨምራል፤ አረንጓዴ ብርሃን ደግሞ የላይኛውን ቅጠል አልፎ ወደ ታችኞቹ ይዘልቃል። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ግን ሌላ ነው። በሐምራዊው ሥር ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ ይታያል። የበሶብላዬ የታች ቅጠሎች ቢጫ መሆናቸውን፣ ከጀርባቸውም ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ መጣበቁን ያየሁት በነጩ ብርሃን ነው። ሌላው ቀርቶ በሐምራዊው ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ ዓይን ያደክማል።

የመብራት ፍጆታቸው እኩል ነው፦ በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ እያንዳንዳቸው በወር 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ስለዚህ ሲገዙ ዋቱን ብቻ አይዩ፤ ዋት የሚበላውን እንጂ የሚሰጠውን አይናገርም። የድምቀት መለኪያው ሉመንም የተለካው ለሰው ዓይን ነው። መብራቱ ከሚበላው ኃይል ለተክል የሚሆን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያወጣ የሚያሳየውን፣ «ማይክሮሞል በጁል» የሚለውን ቁጥር ይጠይቁ፤ 2.5 ከደረሰ ጥሩ ነው።

ሰው በማይቀመጥበት ጓዳ ችግኝ ለሚያፈላ ሐምራዊው ይበቃል። ለሳሎን ግን ያለ ማመንታት ነጩን እመርጣለሁ። የእኔው ከተክሎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ሌሊት አጠፋዋለሁ።