የጤና ጣቢያው አይረን ፎሌትና የፋርማሲው ፎሊክ አሲድ፦ የትኛው ለማን፣ መቼ?

ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው አይረን ፎሌት 60 ሚሊግራም አይረንና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይዟል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 5 ሚሊግራሙ አይረን የለውም፤ ፎሊክ አሲዱ ግን ከ12 እጥፍ በላይ ነው። አንዱን በሌላው ተክቶ መውሰድ አይቻልም።

ክኒኑ ጥሩ ነው፤ ክፉው ነገር ዘግይቶ መድረሱ ነው። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ ሴቲቱ የወር አበባዋ መቅረቱን ገና እየተጠራጠረች ነው። ክትትል በአራተኛው ወር ለጀመረች እናት ክኒኑ ለደም ማነሷ ይጠቅማል፤ ሳይዘጋ የቀረውን ቱቦ ግን አይዘጋውም። ስለዚህ ቱቦው እንዲዘጋ የሚረዳው 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ ይወሰዳል። ሉፕ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ ልታስወጣ የመጣች ሴት በዚያው ዕለት ክኒኑን ይዛ መሄድ ነበረባት። ባዶ እጇን ከተመለሰች አገልግሎቱ እዚህ ላይ ወድቋል።

ባለ 5 ሚሊግራሙ የሚታዘዘው ቀደም ሲል ቱቦው ያልተዘጋ ፅንስ ላጋጠማት፣ ስኳር ላለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተለይም ቫልፕሮት ለምትወስድ ነው። (ቫልፕሮቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ራሱ አደጋ ነው፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟ ይቀይርላት።) ሌላዋ ሴት «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ብላ ለወራት ብትውጠው የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ይሸፍናል፦ ደሟ የተስተካከለ ይመስላል፣ ነርቧ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ረጅም ጾም ለምትጾም ሴት ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም. አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ጤፏን ሰፈር ወፍጮ ቤት ለምታስፈጭ ግን አይደርሳትም።

አንድ ሆስፒታል የአፈጣጠር ችግርና የጨቅላ ሞት ጨመረ ወይም ቀነሰ ሲል፣ ሞተው የተወለዱትና በአልትራሳውንድ ታይተው የተቋረጡት መቆጠራቸውን፣ ስንቱ በሪፈር እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ቱቦው ከራስ በኩል ሳይዘጋ ቀርቶ የራስ ቅል ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሞታል። ጀርባው የተከፈተውን ግን ማትረፍ ይቻላል፦ ቁስሉ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በራሰ ንጹሕ ጎዝ ይሸፈናል፣ ሕፃኑ በሆዱ ይተኛል፣ ቀዶ ጥገናው ከተቻለ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል። ቢዘገይ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ማጅራት ገትር ነው።

ለአወሳሰድ፦ አይረን ፎሌቱ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ካቅለሸለሸ ማታ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ ሰገራ መጥቆሩ አያስደነግጥ። ከትልቁ ዕቃ ተቆጥሮ በወረቀት ሲሰጥ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን እንዲጻፍበት ይጠየቅ።