ገንዘባችንን ይዘን ስንሄድ «ገና ነው» ላለን የጥርስ ሐኪም

ድሬዎች እንዴት ናችሁ! ይህን የምጽፈው እዚሁ ከዚራ የሚሠራ አንድ የጥርስ ሐኪም ለማመስገን ነው። ስሙን ልለጥፍ ስል «ማስታወቂያ ይመስላል፣ ተይው» ስላለኝ ትቼዋለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

እናቴ በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋዋን የመጨረሻ ጥርሶች ካስነቀለች ዓመታት አልፈዋል። የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ ተሠርቶላት ነበር፤ ድዷን እየፋቀ ስላስቸገራት ግን አፏ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳዋ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ሰው ቤት ስትሄድ ታደርገዋለች፣ ምግብ ሲቀርብ ዞር ብላ ታወልቀዋለች። የባቢሌ ለውዝ ሲቆላ ለእሷ ሽታው ብቻ ነበር። በቀኝ ብቻ እያኘከች ስትኖር የቀኙም ይጠዘጥዛት ጀመር። በዚህ ጊዜ ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ የሚቆም ሰው ሰራሽ ጥርስ) ይተከልላት አልን።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) ራጅ ሳያነሳ፣ ስኳር ይኑርባት አይኑርባት እንኳ ሳይጠይቅ ቀብድ ክፈሉ አለን። ደስ አላለኝም። ወደዚህኛው የላከችን ጎረቤታችን ናት፣ እሷንም አላህ ይስጥልኝ።

እሱ አፏን እንኳ ሳያይ «እናቴ፣ ምን ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ ነው የጀመረው። የድሬ ልጅ ነው፣ አንቱታ የለም፤ እሷም ወዲያው ዘና አለች። የስኳሩን፣ የግፊቱን፣ ደም የሚያቀጥነውን፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ ኪኒን ወይም መርፌ ወስዳ እንደሆነ ሁሉ ጠየቃት። የአጥንት መድኃኒት ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ስለው፣ አንዳንዶቹ የመንጋጋ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ አለኝ። ከዚያ የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ አዘዘ። ውጤቱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ስኳር ድድሽን አልከፍትም። ቁስሉም ቶሎ አይድንም፣ አጥንቱም ብሎኑን በደንብ ላይዘው ይችላል። ገና ነው፣ መጀመሪያ ይውረድ።» ገንዘቡ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር! የካርድ ብቻ አስከፍሎ፣ ለስኳር ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፎ መለሰን።

ያ ጊዜ ቀላል አልነበረም። «ጥርስ ትከሉልኝ ብላችሁ ሻዬን ነጠቃችሁኝ» እያለች ስታማርረን ከረመች። ስኳሩ ግን ወረደ።

ስንመለስ ራጁን በስክሪን አሳየን። ጥርስ ሲነቀል ከሥሩ ያለው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። የእሷም ዝቅ ብሏል። ከአጥንቱ ሥር የሚያልፈውን የነርቭ መስመር በእስክሪብቶ እያሳየ፣ እሱ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ እንደሚችል ነገረን፤ ስለዚህ አጠር ያለ ብሎን መረጠ። ከጎን ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላው፣ ድልድይ የሚባለው አይሻልም ወይ ብለን ጠየቅነው። ድልድይ የሚቆመው ከፊትና ከኋላ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ነው፤ እሷ ከኋላ የሚደገፍበት ጥርስ የላትም። «የሚወልቀውንም አስተካክዬ ልሠራላት እችላለሁ፣ ይረክሳል፤ እናንተ ወስኑ» አለን። ዋጋውን ብሎኑን ለብቻ፣ ማያያዣውን ለብቻ፣ ከላይ የሚሆነውን ጥርስ ለብቻ በወረቀት አሰፈረልን። ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም፤ ዕቃው ከውጭ ነው የሚገባው። ግን ከወረቀቱ በላይ አንድ ብር አልጨመረብንም።

እማዬ ጭንቀቷ «ብረት አፍ ውስጥ አይዝግም?» ነበር። ወረፋው ውጭ እየጠበቀ ቁጭ ብሎ አስረዳት። ታይታኒየም አይዝግም፤ አጥንት ራሱ ተጠግቶ ይይዘዋል። ይህንን ያገኘው ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተው የታይታኒየም ዕቃ አልነቀል ብሎት። በ1965 ለመጀመሪያው ሰው ተከለለት፤ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በላበት። እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ «ጥንቸሏስ?» አለችው።

ተከላው በማደንዘዣ መርፌ ነው፣ አያስተኙም። «ካመመሽ እጅሽን አንሺ» አላት። አንዴ ብቻ አነሳች፤ ደንግጦ ሲያቆም ስልኳ እየጠራ ኖሯል። የዚያን ዕለት ትኩስ ነገር ተከለከለ፣ ጉንጯ ላይ በረዶ፣ የቀዘቀዘ አጥሚት። ማታ ራሱ ደውሎ እንዴት እንደሆነች ጠየቀ። በርጫ ለማትቀሩና ሲጋራ ለምታጨሱ ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ሲጋራ የተተከለውን ሊያስነቅል ይችላል ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ሰውዬ ፊት ለፊት ነግሮታል።

አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ወራት ይጠበቃል፤ በአንድ ቀን ጨርሼ እሰጣችኋለሁ የሚላችሁን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የጥርሱን ቀለም ሲመርጥ ከወንበሩ አስነስቶ መስኮት ጋ አቆማት፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል አለ። ሲገጥምላት ደግሞ ሰማያዊ ወረቀት አስነክሶ ምልክቱ የደመቀበትን በጥቂቱ ይሞርዳል፣ እንደገና ያስነክሳል፤ «አሁን እኩል ነው» እስክትል ድረስ። አሁን ለውዙን ቆልታ የምታመጣው ራሷ ናት።

ጉድለት የለውም አልልም። ቀጠሮ ሰዓት አክብራችሁ ሄዳችሁም ረጅም ወረፋ ትጠብቃላችሁ፤ አንድ ታካሚ ላይ ይቆያላ! ክሊኒኩም ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበት የሚያማቸውን ይዛችሁ ከሆነ ፀሐይ ሳይከር በጠዋት ሂዱ።

የትም ብታሠሩ ሁለት ነገር አትርሱ። የተተከለው ብሎን ስም፣ መጠንና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተቀበሉ፤ ነገ ቢላላ ሌላ ሐኪም በምን እንደሚፈታው የሚያውቀው በዚያ ነው። ሌላው ጽዳቱ ነው፤ ኢምፕላንት አይበሰብስም እንጂ ዙሪያው ያለው ድድ ካልጸዳ ያብጣል፣ አጥንቱንም ይበላዋል። ለእማዬ በጥርስ መሀል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ሰጥቷት፣ መስታወት ይዛ እፊቱ እስክትለምደው ድረስ አልለቀቃትም።

ዶክተር፣ አቦ ዕድሜ ይስጥህ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።