የፊት ሥዕል፦ በዘይት ቀለም ወይስ በታብሌት?

በደሴ የሰው ፊት የሚሥል ሠዓሊ በዘይት ቀለምና በታብሌት መካከል ሲመርጥ አስቀድሞ የሚገጥመው የጊዜ ጉዳይ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ ሲዋሐድ በመሆኑ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት፣ ከጦሳ ተራራ ብርድ በሚወርድባት ከተማ አንድ ስስ ንብር እንኳ ቀናት ይፈጃል፤ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ትሻላለች። ይህ መዘግየት ግን ለፊት ሥዕል ጸጋ ነው፤ የጉንጩ ብርሃን ወደ አገጩ ጥላ ሲሸጋገር፣ እርጥብ ቀለም በእርጥብ ቀለም ላይ ተለስልሶ የሚሰጠውን የቆዳ ሕይወት በታብሌት ላይ እስካሁን አላገኘሁትም።

ታብሌቱ በበኩሉ ስሕተትን በቀላሉ ያርማል፤ የተዛነፈ ዓይን በራሱ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት በሌላው ላይ በሚደረብ ንብር) ላይ ከተሣለ፣ የቀረው ፊት ሳይነካ ይስተካከላል። ሥዕሉ የሚታተም ከሆነ ግን መጠኑ ከጅምሩ መወሰን አለበት፦ ለኤ3 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ጥራት 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። በስክሪን ብርሃን የደመቀ ቀይም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

ታብሌት ላለው ተማሪ ልምምዱን በዚያው እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ሳሎን ለሚሰቀል የአያት ምስል ግን ሸራውን እመርጣለሁ።