ባለ ብረቷ የጉልበት ማሰሪያ፦ ለጎን ጅማት አሪፍ ናት፣ ለመሀሉ ግን እንዳትሸወዱ

ሶስት ወር ስለተጠቀምኩባት ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ጥቁር ናት፣ ግራና ቀኟ ላይ የሚተጣጠፍ ብረት አላት፣ አራት ማሰሪያ፣ 3,200 ብር ነው የገዛኋት። ሱቁን አልጠራም፣ ሻጩ ላይ ትንሽ ቂም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እሁድ ጠዋት ኳስ ላይ እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ አንዱ ከጎን መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀብኝ፣ በቃ ጉልበቴ ወደ ውስጥ እጥፍ። እናቴ ወጌሻ ጋር ካልሄድን ብላ ያዘችኝ፣ እኔ ግን ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ የውስጠኛው ጎን ጅማት በከፊል ተበጥሷል የመሀሉ ግን ደህና ነው ተባልኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ ይሄኛው ጅማት ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል፣ ለስድስት ሳምንት ባለ ብረት አድርግ አለችኝ።

እሷ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ፣ ይሄን ሳታውቁ ከገዛችሁ ብራችሁ ነው የሚበላው። ዳሌ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ኳስ ነው አይደል፣ ጉልበት ግን እንደዛ አይደለም፣ የጭን አጥንት ዝም ብሎ ቅልጥም ላይ ቁጭ ነው ያለው፣ በዋናነት አራት ጅማት ናቸው የያዙት። ውስጥ ጎን ያለው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይይዛል። የውጪው ቀጭን ገመድ ነገር ነው፣ ከቅልጥም አጠገብ ያለችው ቀጭኗ አጥንት አናት ላይ ነው የሚታሰረው፣ ቁጭ ብላችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ሌላኛው ጉልበት ላይ ብታደርጉና ብትዳስሱ ታገኙታላችሁ (እኔ ታክሲ ውስጥ ስሞክር ሰው አፍጥጦብኛል)። መሀል ላይ ደግሞ ሁለት እንደ መስቀል የተላለፉ አሉ፣ የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ፣ ወፍራሙ የኋለኛው ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይሄድ። ኳስ ተጫዋቾች ኤሲኤል የሚሉት የፊተኛውን ነው።

እና ማሰሪያዋ በጎን ብረት ስላላት የጎን ጅማቶችን ስራ በደንብ ታግዛለች፣ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ነው ልዩነቱን ያየሁት፣ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ወደ ውስጥ የምትሄድብኝ ነገር ቀረ። ግን ኤሲኤሉ የተበጠሰ ጓደኛዬ ተውሶኝ አድርጓት ቀስ ብሎ ሲሮጥ ምንም አላለውም፣ ኳሷን ይዞ ዞር ሲል ግን ጉልበቱ ከድቶት ዘጭ። ለምን ብትሉ ማሰሪያ የሚይዘው ቆዳና ስጋ ነው፣ አጥንቱ እኮ ከስር ይንቀሳቀሳል። ለሱ ከማሰሪያው ይልቅ የታዘዘለት የጭን ኋላ ጡንቻ ስፖርት ነው የጠቀመው፣ ጡንቻው ቅልጥሙን ወደ ኋላ ስለሚስብ ኤሲኤሉን ያግዛል። ሻጩ ደግሞ ለኔም «ለሁሉም ጅማት ነው፣ ነገ ኳስ ትጫወታለህ» ብሎኝ ነበር፣ ይሄ ሰው ስንቱን ጉልበት ጨርሶ ይሆን።

ችግሯ፣ የታችኛው ማሰሪያ ስትራመዱ ይንሸራተታል በየሰዓቱ መሳብ ነው፣ ጂንስ ስር አትገባም፣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ብረቱ የጎረቤታችሁን ጉልበት ይመታል። ስፖንጇ ደግሞ ላብ ይጠጣል፣ ሽታውን አልነግራችሁም። ሳይዝ በአይን አትግዙ ጭናችሁን በሜትር አስለኩ፣ እኔ መጀመሪያ ኤም ወስጄ እግሬ ደንዝዞ ነው የመለስኳት። ተራዋ የጨርቅ አይነት ታሞቃለች ጫን ትላለች እንጂ የተበጠሰ ጅማትን አትተካም።

አሁን እኔ ድኛለሁ፣ ማሰሪያዋ አልጋ ስር ናት። ኤል ናት፣ ለግራም ለቀኝም ትሆናለች፣ የጎን ጅማት የተጎዳበትና ማሰሪያ የታዘዘለት ካለ በ1,500 እሰጣለሁ፣ ታጥባለች።