ከጎረቤት የገዛነው በርበሬና በስልክ ያዘዝነው ቅቤ

ከፍራንክፈርት ለጥምቀት አዲስ አበባ ስሄድ የዓመቱን በርበሬና ሽሮ ይዞ መመለስ የጉዞው ግማሽ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ ባልትናውን ከሰው ገዛን፤ ከፊሉን ከጎረቤት፣ ከፊሉን በስልክ አዘን። ልትሄዱ ለተዘጋጃችሁ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በርበሬውን ያዘጋጁልን እናቴ ያለችበት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። ልገዛ ስሄድ የተፈጨ አላቀረቡልኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ዛላውን እዪው፤ ከተፈጨ በኋላማ ምኑን ታውቂዋለሽ?» ብለው ጆንያውን ፈቱልኝ። የማረቆ በርበሬ ነው፤ ደም የመሰለ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል። ከመካከሉ አንዱን አንስተው ሰበሩና ውስጡን አሳዩኝ። ከላይ ደህና ይመስላል፤ ፍሬው ግን ግራጫ ሻጋታ ለብሷል። እንዲህ ያለውን እየለዩ የሚጥሉበት ዘንቢል አጠገባቸው ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥበት ያገኘው በርበሬ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል፤ ወጡ ቢንተከተክም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በሚገባ በርበሬና ቅመም ላይ ጠበቅ ያለ ምርመራ የሚያደርገው ለዚሁ ነው። አንዴ ከተፈጨ ደግሞ በዓይንም በምላስም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከጎረቤት የመግዛት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ጣዕሙ አይደለም፤ ዛላውን ሳይፈጭ ማየት መቻሉ ነው። በበጋ መሄድም ይረዳል፤ በክረምት የተሰጣ በርበሬ ቶሎ አይደርቅም።

ከዚያ ተቀነጠሰ፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሲደርቅ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጨው ታምሶ ገባበት። ወፍጮ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ወፍጮው ሆድ ውስጥ የሌላ ሰው በርበሬ ትራፊ እንዳለ ስለሚያውቁ፣ ከእኛው ጥቂት እፍኝ አስቀድመው አስፈጩና የወጣውን ለብቻው አስቋጠሩት። ወፍጮ ቤት አብሮ የሚሄድ ሰው ከሌላችሁ ቢያንስ ይህን እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።

ክፍያው ላይ የዛላውን የገበያ ዋጋ ለብቻ፣ የቅመሙን ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ ነገሩኝ። የጠየቁት የእጅ ዋጋ ለልፋቱ ትንሽ ነበር። ቀናት ሙሉ እየሳሉና እያስነጠሳቸው የሠሩትን ሥራ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ቆሞ ሲከራከርበት ማየት ያሳዝነኛል። እኔ ጨመር አድርጌ በቴሌብር ላክሁ፤ እናንተም ጨምሩ።

ቅቤው ሌላ ታሪክ ነው። እህቴ ቴሌግራም ላይ «የሸኖ ለጋ» የሚል አይታ አዘዘች፤ በሞተር መጣ። መልኩ ያምራል። ልናነጥረው እሳት ላይ ብንጥደው ግን ሽታው የቅቤ አልሆነም፤ ከሥሩም ድስቱ ላይ የሚጣበቅ እንደ ገንፎ ያለ ነገር ቀረ። ሻጩ ጋ ብንደውል ስልኩ አይነሳም። ቅቤ ላይ ሙዝና የአትክልት ቅባት፣ በርበሬ ላይ የሸክላ አፈር፣ እንጀራ ላይ ጄሶ፣ ማር ላይ ስኳር እየተቀላቀለ ስለመገኘቱ በዜና ስንሰማ ኖረናል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ የማያውቀው ጓዳ ውስጥ የሚሠራውን አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም። ቤቱን የማታውቁት፣ ሄዳችሁ በሩን የማታንኳኩት ሻጭ ጎረቤት አይደለም፤ «የቤት ውስጥ ዝግጅት» ብሎ ስለጻፈ ብቻ አትመኑት። ከእሱስ አድራሻና የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን የታሸገ ባልትና ከሱቅ መግዛት ይሻላል።

ለወንድሜ ልጅ ክርስትና ድፎ ዳቦውን እዚያው ሰፈር የምትጋግር ወጣት በኮባ ጋግራ አመጣችልን፤ ስንከፍተው ጭስና ኮባ ኮባ ሸተተን፣ እንግዳው ሁሉ ማን ጋገረው እያለ ጠየቀ። ቶርታም ትሠራለች። ያንን ግን አላዘዝኩም፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ክሬም ያለበትን ነገር ፍሪጁ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ሳላውቅ ለሕፃናት ማብላት አልፈለግሁም። እሷም ስጠይቃት፣ በዚያው ሳምንት መብራቱ እየተቋረጠ ስለሆነ ክሬም እንዳትይዝ ወስና እንደነበር በግልጽ ነገረችኝ። በዚህ ቃሏ በሙሉ ልቤ ለሌላ ሰው የምጠቁማት ሆናለች። አይብና ጥሬ ወተትም እንዲሁ ነው፦ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ጎረቤትም ቢሆን ወተቱን አፍልቶ እንደሆነ ሳትጠይቁ ለልጆች አትስጡ።

ድርቆሹንም እዚያው ሰፈር አስጋገርን፤ ጤፉን እኛ ገዝተን ለጋጋሪዋ ሰጠን፣ እሳቸው አቡክተው፣ አብሲት ጥለው፣ ጋግረው አደረቁልን። ዱቄቱን ራስ ገዝቶ የእጅ መክፈል ለእንጀራ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ሻንጣ ስትሞሉ፦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚመለስ ሰው ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ይዞ መግባት አይችልም፤ ከተገኘ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬና ሽሮውን በድርብ ላስቲክ አሽጉ፤ ላዩ ላይም ምን እንደሆነና መቼ እንደተፈጨ በእንግሊዝኛ ወይም በምትኖሩበት አገር ቋንቋ ጻፉበት፤ ጉምሩክ ላይ ሻንጣ ሲያስከፍቱ ነገሩን ያቀላል።