ከፒኤችዲ በኋላ ኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ፦ የትኛው ፌሎውሺፕ ለየትኛው ሰው?

ፌሎውሺፕ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ለምርምር የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ፣ የሚፈልግ ወጣት ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ደመወዙን፣ ቀጥሎ ስሙን ነው። በሙከራ ላይ ለሚሠራ የነርቭ ሳይንቲስት ይህ ያስኬዳል፤ አይጡም፣ ማይክሮስኮፑም፣ ኤሌክትሮዱም ገንዘብ ይበላሉና። የኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ ሰው፣ ማለትም አንጎልን ለመረዳት በኮምፒውተር ሞዴል መገንባትና ዳታ መተንተን ሥራው የሆነ ሰው፣ ግን ሂሳቡ ይለይበታል። እሱን የሚያስፈልገው ጊዜ፣ የኮምፒውተር አቅምና ሌላ ሰው የመዘገበው ጥሩ ዳታ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄ ነው፦ በምን ላይ እንደምትሠሩ የሚወስነው ማን ነው? ዳታውስ ከየት ይመጣል?

| ፕሮግራም | ርዝመት | የት | ዋናው ማጣሪያ |
|---|---|---|---|
| ማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ (የአውሮፓው ዘርፍ) | እስከ 2 ዓመት | የአውሮፓ ኅብረትና ተባባሪ አገሮች | ፒኤችዲ፣ አገር መቀየር |
| ኤችኤፍኤስፒ ክሮስ ዲሲፕሊነሪ | 3 ዓመት | በዋናነት አባል አገሮች | ከሕይወት ሳይንስ ውጭ የተሠራ ፒኤችዲ |
| ዌልካም ኧርሊ ካሪየር | 5 ዓመት | ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች | አጭር የፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ ምርምር) ልምድ፣ የራስ ሐሳብ |
| ኬ99/አር00 | እስከ 2፣ ከዚያ እስከ 3 ዓመት | አሜሪካ | ከ4 ዓመት ያልበለጠ ፖስትዶክ |
| ፍላትአይረን | 2 ዓመት፣ ለሦስተኛ ሊታደስ የሚችል | ኒውዮርክ | ተቋሙ ራሱ መቅጠሩ |

ከሁሉም በሩ የሚሰፋው የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠው የማሪ ኩሪው ነው። የአውሮፓው ዘርፍ ዜግነት አይጠይቅም፤ የትምህርት መስክም አይመርጥም። ሰው የሚወድቀው በአገር መቀየር ደንቡ ነው፦ ከቀነ ገደቡ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ አይገባም። ፒኤችዲውን እዚያው አገር ጨርሶ እዚያው መቀጠል የሚፈልግ ሰው ገና ከመነሻው ወጥቷል ማለት ነው። በሩ ስለሰፋ ሰልፉም ረዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከገቡት 10,360 ማመልከቻዎች ገንዘብ ያገኙት 1,696 ነበሩ፤ በ2025 ደግሞ የአመልካቹ ቁጥር ወደ 17,058 አሻቀበ።

የቲዎሪ ሰዎች እዚህ ላይ የሚስቱት የነጥቡን አከፋፈል ነው። ለሳይንሳዊ ጥራት የተመደበው ግማሹ ብቻ ነው፤ 30 በመቶው ሥራው ለሚያመጣው ለውጥ፣ 20 በመቶው ለአፈጻጸሙ ይሰጣል። ስምንት ገጽ ውብ ሒሳብ ጽፎ የሚያመጣውን ለውጥና አፈጻጸሙን በሁለት መስመር የሚዘጋ አመልካች ግማሹን ነጥብ ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ሌላም አለ፦ ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ማመልከቻ በዚያው ተቋም በኩል በተከታዩ ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ስላለ፣ «ለሙከራ እንላከው» የሚባል ነገር አያዋጣም።

ኤችኤፍኤስፒ፣ ማለትም ሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም፣ በ1989 የተቋቋመና መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ክሮስ ዲሲፕሊነሪ የተባለው ፌሎውሺፑ ለዚህ መስክ ልክ በሰውነቱ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፦ በፊዚክስ፣ በሒሳብ፣ በኢንጂነሪንግ ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ ይዞ ወደ ሕይወት ሳይንስ መሻገር ለሚፈልግ ሰው ነው። በመሪ ደራሲነት የታተመ ጽሑፍና አገር መቀየር ይጠይቃል፤ አባል ካልሆነ አገር የመጣ አመልካች ደግሞ የሚሠራበትን ቤተ ሙከራ (ላብ) አባል አገር ውስጥ መምረጥ አለበት። ወጥመዱ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ከፒኤችዲው የራቀ ሥራ ነው። በፊዚክስ ዲፓርትመንት ተቀምጦ አራት ዓመት የኒውሮን (የነርቭ ሴል) ኔትወርክ ሲያሰላ የቆየ ሰው «ተሻገርኩ» ቢል ገምጋሚው አያምነውም፤ እሱ ወዴት እንደሚሄድ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ፒኤችዲው ራሱ በኒውሮሳይንስ ከሆነ ደግሞ መግቢያው ሎንግ ተርም የሚባለው ዘርፍ ነው፤ አዲስ አቅጣጫ የማሳየት ግዴታው ግን እዚያም ይከተለዋል።

ማሪ ኩሪንም ኤችኤፍኤስፒንም ማግኘት ለሚችል ከሌላ መስክ ለመጣ ሰው፣ እኔ ኤችኤፍኤስፒን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂውን በመማርና ዳታ በመጠበቅ ያልፋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለወረቀት የሚቀረው ጊዜ ያስፈራል።

የብሪታንያው የምርምር ፋውንዴሽን ዌልካምና የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም (ኤንአይኤች) የሚሰጠው ኬ99 ዓላማቸው ሌላ ነው፤ የራሱን መንገድ ለመጀመር የተዘጋጀን ሰው ይፈልጋሉ። ዌልካም ለ5 ዓመት ደመወዝና እስከ 400,000 ፓውንድ የምርምር ወጪ ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር፣ በወረቀትና በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ያን ሁሉ ለመጠየቅ ምክንያት ያጣል፤ ባይጠይቀውም ምንም አይጎድልበትም። እዚህ ዋጋ ያለው ነገር በሱፐርቫይዘር የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ሳይታሰሩ አምስት ዓመት አንድን ጥያቄ መከተል ነው። እንዲህ ያለ ያልተቆራረጠ አምስት ዓመት ከሌሎቹ አይገኝም።

የአሜሪካው ኬ99/አር00 ሁለት እግር አለው። የመጀመሪያው በሱፐርቫይዘር ሥር የሚሠራበት ነው፤ ሁለተኛው፣ አር00፣ የሚከፈተው አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ የፋኩልቲ (የዩኒቨርሲቲ መምህርነት) ሥራ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሥራው ካልተገኘ ቀሪው ገንዘብ የለም። አር00 በዓመት እስከ 249,000 ዶላር ይደርሳል፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ድርሻም ከዚሁ ውስጥ ስለሚወጣ ቁጥሩን እንዳለ ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱት። መልካሙ ነገር ዜግነት አለመጠየቁ ነው፤ ኤፍ32 የተባለው የፖስትዶክ ፌሎውሺፕ ግን ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ከውጭ የሄደ ሰው ሁለት የጊዜ ገደብ በአንድ ላይ እየቆጠረበት መሆኑን ይወቅ፦ የአራት ዓመቱ የፖስትዶክ ገደብና፣ ለተመራማሪዎች በሚሰጠው በጄ1 ቪዛ ከገባ፣ የአምስት ዓመቱ የቪዛ ጣሪያ።

በተቋም የተያዙት ቦታዎች ከእነዚህ ይለያሉ። የፍላትአይረን ኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ ማዕከል በሳይመንስ ፋውንዴሽን ውስጥ ያለ ሲሆን የሚመራው በኤሮ ሲሞንቼሊ ነው፤ የኮምፒውተር አቅም እዚያ አያሳስብም። በለንደን ያለው የቲዎሪ ማዕከል፣ ጋትስቢ ዩኒት፣ በ1998 በኮምፒውተር ሳይንቲስቱ በጄፍሪ ሂንተን መሥራችነት የተከፈተ ነው፤ ዛሬ ሙከራ ከሚሠራው ከሴንስበሪ ዌልካም ማዕከል ጋር አንድ ሕንፃ ይጋራል። ስዋርትዝ ፋውንዴሽን የሚደግፋቸው ፌሎውሺፖችም የሚገኙት በየዩኒቨርሲቲው ባሉ የቲዎሪ ማዕከሎች በኩል ነው። በእነዚህ ቦታዎች ገንዘቡ ከሰውየው ጋር አይሄድም፤ ከቦታው ጋር ይቀራል። በምትኩ ዙሪያችሁን ሞልተው የሚከራከሯችሁ የቲዎሪ ሰዎች ታገኛላችሁ። በአንድ የሙከራ ላብ ውስጥ ብቸኛ «የሒሳብ ልጅ» ሆኖ የሁሉንም ሰው ዳታ ሲያጸዳ መኖር ምን እንደሚመስል የቀመሰ ሰው ይህን ጥቅም አቅልሎ አያየውም።

ለዚህም ነው ላብ ስትመርጡ ዳታው ተመዝግቦ ያለቀ ነው ወይስ ገና የሚሰበሰብ ብላችሁ የምትጠይቁት። ሌላ ሰው በዚያው ዳታ እየሠራ እንደሆነም ጠይቁ፤ መልሱ ግልጽ ካልሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት። አማራጭም አለ፦ የብዙ ላቦች ኅብረት የሆነው ኢንተርናሽናል ብሬን ላቦራቶሪ በ139 አይጦች ከ600,000 በላይ ኒውሮኖችን መዝግቦ ዳታውን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ጥያቄውን እንዲህ ባለ ክፍት ዳታ ላይ የሚመሠርት አመልካች የአንድ ላብ ፈቃድ እስረኛ አይሆንም።

የኤችኤፍኤስፒ የመጀመሪያ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ፣ የማሪ ኩሪው ማመልከቻ በሴፕቴምበር ይዘጋል። ከአንድ ላብ ጋር ከሜይ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ንግግር የጀመረ ሰው አንድ የሳይንስ ሐሳብ ለሁለቱም እንዲሆን ማስተካከል ይችላል። ሥልጠናውና የሥራ ዕቅዱ ግን ለማሪ ኩሪ እንደ አዲስ መጻፍ አለባቸው፤ ስለዚህ ለሱፐርቫይዘሩ ሁለት ጊዜ እንደሚያስቸግሩት ከመጀመሪያው ቢነገረው ይሻላል።