ሬክስ ሲ-100 ለቤት ቢራ መጥመቂያ ፓነል፦ መቆጣጠሪያው ይበቃል፣ አብሮት የሚመጣው አይበቃም

ቢራን ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ለመጥመቅ ፓነል (የመቆጣጠሪያ ሳጥን) ልሥራ ያለ ሰው ኦንላይን ገበያ ላይ ሲፈልግ ቀድሞ የሚያገኘው ይህንን ስብስብ ነው። አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ (ፊቱ 48 በ48 ሚሊሜትር)፣ «ኤስኤስአር-40 ዲኤ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ የኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ የሙቀት ሴንሰር)፣ አንዳንዴም ትንሽ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አለው። ሬክስ ሲ-100 የጃፓኑ አርኬሲ ኢንስትሩመንት ሞዴል ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው ግን ቅጂው ነው። ቅጂም ቢሆን መቆጣጠሪያው ሥራውን ያውቃል። ችግሩ ያለው ሪሌዩና ቴርሞኮፕሉ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሻጩ የትኛውን ስሪት እንደላከ ማየት ያስፈልጋል።

ዕቃው እንደደረሰ ሽቦ ሳትነኩ በጎኑ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። «ኤፍኬ02» ከሚለው ቀጥሎ፣ ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው ፊደል ወሳኝ ነው። «ቪ» ከሆነ መውጫው 12 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሰጣል፤ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ የሚፈልገው እሱን ነው። «ኤም» ከሆነ ውስጡ ያለው ተራ ሪሌይ ነው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ሁለት ነጥቦችን ያገናኛል እንጂ ምንም ቮልቴጅ አያወጣም። ብዙ ሻጮች የ«ኤም»ን መቆጣጠሪያ ከሶሊድ ስቴት ሪሌይ ጋር አንድ ላይ አሽገው ይልካሉ፤ ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም። ሁሉን በትክክል አስሮ «ስክሪኑ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ውሃው ግን አይሞቅም» የሚል ሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው የተያዘው። በተለጣፊው ብቻ አትመኑ፤ አንዳንዱ ላይ «ቪ» ተጽፎ ውስጡ ሌላ ነው። የመጀመሪያው መውጫ መብራት በርቶ ሳለ መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ መውጫውን ለኩ። 12 ገደማ ካነበበ ደህና ነው። ዜሮ ካነበበና ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መልሱት። መመለስ ካልተቻለ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ገዝታችሁ የሪሌዩ ነጥብ የዚያን 12 ቮልት መስመር እንዲያበራና እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ ይሠራል፣ ግን ነጥቡ ቶሎ ያልቃል።

ሪሌዩ ላይ 40 አምፔር ተጽፏል። ይህን ቁጥር እርሱት። በታይዋኑ አምራች በፎቴክ ስም ገበያውን የሞላው ሐሰተኛ ዕቃ ነው፤ የአሜሪካው የደኅንነት መርማሪ ዩኤልም የእሱን ምልክት አስመስለው ስለተለጠፈባቸው ሪሌዮች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ውስጣቸው ያለው ትራያክ (ከረንቱን የሚያሳልፈውና የሚቆርጠው ክፍል) ብዙ ጊዜ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው። ከዚህ ስብስብ ጋር የመጣውን ከ10 አምፔር በላይ ባታሸክሙት ይመረጣል። የ3,000 ዋት ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) በ220 ቮልት 13.6 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ከታወቀ ሻጭ ሌላ ሪሌይ መግዛት የግድ ነው። እውነተኛ ሪሌይም ሲሠራ ወደ 1.5 ቮልት ውስጡ ይቀራል። በ13.6 አምፔር ሲባዛ 20 ዋት ሙቀት ነው፤ ይህ ሙቀት መውጫ ካጣ ሪሌዩን ያበስለዋል። ማቀዝቀዣውን ክንፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ አድርጋችሁ ከሳጥኑ ውጭ እሰሩት፣ በሪሌዩና በአሉሚኒየሙ መካከልም ስስ የሙቀት ቅባት ቀቡ። በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ማቀዝቀዣ ማቀዝቀዣ አይባልም።

ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ነው የሚቀረው። መቆጣጠሪያው «አጥፋ» ይላል፣ ሬዚስታንሱ መንደዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከሪሌዩ በፊት ኮንታክተር (በኮይል የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) የሌለው ፓነል አልተጠናቀቀም። ኮንታክተሩ ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ እኛ ጋ የሚሠራበት ክብ ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚገባ የትኛው ፌዝ፣ የትኛው ኒውትራል እንደሆነ ዋስትና የለም። ሪሌዩ የሚቆርጠው አንዱን ብቻ ነው፤ ስፒናው በተገለበጠ ቀን «ጠፍቷል» የተባለው ሬዚስታንስ ፌዝ ተሸክሞ ይቀመጣል።

ለ3,000 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። መግቢያው ላይ 20 አምፔር ብሬከር፣ ቀጥሎ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የመሬት ፍሳሽ መከላከያ፤ እርጥብ እጅና ብረት ድስት ባለበት ሥራ ላይ ይህ የሚታለፍ አይደለም። ከዚያ መስመሩ ሁለት ይሆናል። አንዱ በ1 አምፔር ፊውዝ አልፎ ወደ መቆጣጠሪያው የኃይል መግቢያ፣ እንዲሁም በማብሪያውና በቀዩ የአደጋ ማቆሚያ በኩል ወደ ኮንታክተሩ ኮይል ይሄዳል (ኮይሉ የ220 ቮልት መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ፤ 24 ቮልትም በብዛት አለ)። ሌላው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ 25 አምፔር ኮንታክተር ይገባል። ከኮንታክተሩ የሚወጣው ፌዝ በሪሌዩ 1 እና 2 ቁጥር ብሎኖች አልፎ ወደ ሬዚስታንሱ፣ ኒውትራሉ ደግሞ ከኮንታክተሩ በቀጥታ ወደ ሬዚስታንሱ ይሄዳል። የመቆጣጠሪያው መውጫ ፕላስ ከሪሌዩ 3፣ ማይነሱ ከ4 ጋር። የመቆጣጠሪያውን የብሎን ቁጥሮች እዚህ አልጻፍኩም፤ ቅጂዎቹ ስለሚለያዩ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ተከተሉ። ግራውንዱ ለሳጥኑ በር፣ ለማቀዝቀዣውና ለድስቱ አካል ለየብቻው ይታሰር።

የብሎን ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ የተቃጠሉ ፓነሎች ሲከፈቱ ግን ጥቁሩ ቦታ ብዙ ጊዜ ብሎን ስር ነው። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ጫፉ ላይ ፌሩል (ትንሽ የብረት ቱቦ) ተጨምቆበት ነው የሚገባው፤ በሊድ የተበየደ ጫፍ በጊዜ ብዛት ይለቃል። ከመጀመሪያው ሙሉ ጥመቃ በኋላ ብሬከሩን አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ የኃይል ብሎኖቹን ሁሉ በካቻቪቴ እንደገና አጥብቁ። ቤት ውስጥ ለምጣድ ተብሎ ለብቻው የተዘረጋ መስመር ካለ ፓነሉን እዚያ ላይ አድርጉት፤ ምጣዱና ድስቱ ግን አብረው አይበሩም። ተራ የግድግዳ ሶኬት ለሁለት ሰዓት 13.6 አምፔር ሲስብ ይሞቃል፤ ሰማያዊው ባለ ሦስት እግር የኢንዱስትሪ ስፒና ይሻላል።

አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሥዕል እንዳለ አትውሰዱት። እዚያ 240 ቮልት የሚገኘው እያንዳንዳቸው ከመሬት 120 ቮልት ካላቸው ሁለት ፌዞች ነው፤ ሪሌዩ አንዱን ቢቆርጥ ሌላው ሁልጊዜ ሬዚስታንሱ ላይ አለ። ባለ ሁለት መስመር ኮንታክተሩ እዚያ ይብስ ያስፈልጋል። እዚያ የተለመደውን 5,500 ዋት ባለ 240 ቮልት ሬዚስታንስ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰውም በ220 ቮልት 4,600 ዋት ገደማ ብቻ እንደሚሰጥ ይወቅ። ያም ሆኖ 21 አምፔር ይስባልና 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ከፍ ያለ ብሬከር ይጠይቃል።

ቴርሞኮፕሉ የስብስቡ ደካማ ጎን ነው። የኬ ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ ቴርሞኮፕል የሚፈቀድለት ስህተት እስከ 2.5 ዲግሪ በሁለቱም በኩል ነው፤ መቆጣጠሪያውም በዚህ ስሪቱ የሚያሳየው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ብቅል በሚዘፈዘፍበት ጊዜ 63 እና 68 ዲግሪ ሁለት የተለያዩ ቢራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ደረቅና ቀለል ያለ፣ ሁለተኛው ወፈር ያለና ጣፈጥ የሚል። 2.5 ዲግሪ የሚስት ሴንሰር የዚህን ልዩነት ግማሽ በላው ማለት ነው። በዚያ ላይ የሽቦው የብረት ሽሩባ ውሃ አይከለክልም፤ እንፋሎት ሲገባበት ንባቡ መዝለል ይጀምራል። ፒቲ100 የሚባለውን (ሙቀትን በኦም ለውጥ የሚለካ) ሴንሰር የሚቀበለውን ስሪት ማዘዝ፣ ውሃ የማያስገባ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰርም ለብቻው መግዛት ጥሩ ነው፤ የቢ ደረጃው በ65 ዲግሪ ላይ የሚስተው 0.6 ገደማ ነው። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታም ጉዳይ አለው፦ ፓምፕ ካለ ከድስቱ በሚወጣው ቱቦ ላይ፣ ከሬዚስታንሱ ግን ራቅ ይበል።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ሴንሰሩን በፈላ ውሃ ለማስተካከል 100 ዲግሪን የሚጠብቅ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ አያገኘውም፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ገደማ። ስክሪኑ 92 ሲያሳይ «ሴንሰሩ ተሳስቷል» ብሎ በንባብ ማስተካከያው 8 ዲግሪ የጨመረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ 65 ብሎ የሚዘፈዝፈው ብቅል በእውነቱ 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስታርቹ በደንብ አይሰበርም። በፈላ ውሃ ፋንታ የተከካ በረዶና ውሃ ተጠቀሙ፤ ዜሮ የትም ዜሮ ነው። ከዚያ በ65 ዲግሪ አካባቢ ከታመነ ቴርሞሜትር ጋር አመሳክሩ።

ቅንብሩ ረጅም አይደለም። «ሴት» (SET) የሚለውን ቁልፍ አንዴ ነክቶ የሚፈለገውን ሙቀት ማስገባት፣ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ዝርዝር መግባት ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንዱ «ቲ» የሚባለው የዑደት ጊዜ ነው፤ ለሶሊድ ስቴት ሪሌይ 2 ሰከንድ መሆን አለበት፤ 20 ላይ ከተገኘ የተራ ሪሌይ ቅንብር ነውና ቀይሩት። ሌላው «ኤቲዩ» ነው፤ 1 ስታደርጉት መቆጣጠሪያው ራሱን ያስተካክላል። ይህ የሚሠራው በምትጠምቁበት የውሃ መጠን፣ ፓምፑ እየዞረ፣ በ65 ዲግሪ ላይ ነው። አምስት ሊትር ውሃ ላይ የተስተካከለ መቆጣጠሪያ ሠላሳ ሊትር ላይ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ 100 ብሎ ኤቲዩ ያስጀመረ ደግሞ መጨረሻውን አያየውም፤ ውሃው እዚያ ቁጥር ላይ አይደርስም። ለመገመት ያህል፣ 30 ሊትር ውሃን በ3,000 ዋት ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ ሙቀት ባይባክን እንኳ 31 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ብዙ የዘገየ ፓነል ላይ ቮልቴጁን ለኩ፤ 190 የወረደ መስመር ላይ 3,000 ዋቱ 2,240 ገደማ ይሆናል።

ብልሽት ሲመጣ ከስክሪኑ ጀምሩ። አራት ክቦች ብልጭ ድርግም ካሉ ሴንሰሩ ተበጥሷል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ቴርሞኮፕሉን ነቅላችሁ ሁለቱን የመግቢያ ብሎኖች በአጭር ሽቦ አገናኙ፤ ስክሪኑ የክፍሉን ሙቀት ካሳየ መቆጣጠሪያው ጤነኛ ነው፣ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው። ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተገልብጠዋል፤ በአሜሪካ የቀለም ደንብ ቀዩ የኬ ቴርሞኮፕል ማይነስ ስለሆነ በቀለም መተማመን እዚህ ያሳስታል። ቴርሞኮፕልን በተራ የመዳብ ሽቦ ማስረዘምም ንባቡን ያዛባል። ፒቲ100 ላይ ያለው ፍተሻ ደግሞ በኦም ነው፦ በ25 ዲግሪ በተለያየ ቀለም ሽቦዎች መካከል 110 ገደማ፣ በተመሳሳዮቹ መካከል ዜሮ አካባቢ።

ኮንታክተሩ ሲገባ ንባቡ የሚዘል ከሆነ የሴንሰሩ ሽቦ ከኃይል ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሯል፤ ለዩት። የመሬት ፍሳሽ መከላከያው ውሃው ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ሬዚስታንሱ እርጥበት አስገብቷል ማለት ነው፤ መከላከያውን አልፎ መሞከር የሚባል ነገር የለም። ሪሌዩን ስትመረምሩ ደግሞ መልቲሜትር ብቻ አትጠቀሙ፤ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ሚሊአምፔር ስለሚያሳልፍ ጭነት ከሌለ 220 ሙሉ ያሳያል። በሬዚስታንሱ ፋንታ የ60 ዋት የድሮ አምፖል አስራችሁ ተመልከቱ። መቆጣጠሪያው ሲያጠፋ አምፖሉ ከጠፋ ሪሌዩ ደህና ነው፣ በርቶ ከቀረ ሄዷል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ በዚያች በምታልፈው ትንሽ ከረንት ብቻ ይፈነጥቃል።

የሬክስ ሲ-100 ትልቁ ጉድለት ግን ማፍላት ላይ ነው። የኃይሉን መጠን በመቶኛ በእጅ የሚያስገቡበት መንገድ የለውም። ብቅሉ ተጠልሎ ጭማቂው መፍላት ሲጀምር ሙቀቱ አይጨምርም፤ ስለዚህ በዲግሪ መቆጣጠር ትርጉም ያጣል። 95 ብትሉት አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ኃይል ለቆ ድስቱን ያስገነፍላል፣ 91 ብትሉት ሲፈላ ይቆርጣል። እስከ 1,500 ዋት ባለ ሬዚስታንስ ለሚሠራ ይህ አያስጨንቅም፤ ሙሉ ኃይሉም ቢሆን አይገነፍልበትም። ከዚያ በላይ ለሚሄድ ግን በእጅ ሞድ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ለምሳሌ የአውበር ኢንስትሩመንትስ ኤስዋይኤል-2352፣ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣበታል እንጂ አይጸጸትበትም። ለጠላና ለጠጅ ብቻ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ፓነል አይግዛ፤ ለእሱ የሚጠቅመው የመፍያውን ሙቀት የሚጠብቅ ነገር ነው፤ እንደ ኢንክበርድ አይቲሲ-308 ያለ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በ220 ቮልት እስከ 2,200 ዋት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ያለ አንድ ብሎን ይበቃዋል።